ወደ እናንየ በቀኝ በኩል

ዳባት የሚኖር ሰው ጃናሞራን የሚያውቀው በገብሱና በበጉ ነው። ሰዎቹ ለገበያ ይመጣሉ፣ ይሸጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ ማንም አገራቸውን አይጠይቃቸውም። እኔም ብሆን ታናሽ እህቴ እናንየ እዚያ ተድራ ሳለች አገሩን ያየሁት በሠርጓ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔ በበቅሎ ሄድን። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ሄጄ ስመለስ ጎረቤቶቼ "እስኪ ንገሪን" ይሉኛል። ስለ ዋልያና ስለ ጭላዳ የምነግራቸው ይመስላቸዋል። ጭላዳ አይቻለሁ። የምጽፈው ግን ስለ እሱ አይደለም።

ባለቤቴ ካረፈ፣ ልጆቼም በየከተማው ከተበተኑ ወዲህ አንዱን ክፍል አከራያለሁ። ዘንድሮ የገባችው ዶክተር ሰብለ የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ዶክተር ሲሏት ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ጉልበቴን ገልጬ አሳየኋት።

"እማማ፣ እኔ የማክም አይደለሁም፤ የማጠና ነኝ" አለችኝ።

የምታጠናው አንጎልን ነው። ሰው የሚያየው በዓይኑ ብቻ ይመስለዋል፤ ዓይን የሚያቀብል ነው፣ የሚያየው አንጎል ነው ትላለች። በየጤና ጣቢያው እየዞረች ስትሮክ የመታቸውን ሰዎች ትፈልጋለች። አንድ ቀን ራት ስንበላ ስለ አንድ ሽማግሌ አወራችኝ። ጢሙን ሲላጭ የቀኙን ጉንጭ ብቻ ይላጫል። ከማዕዱ የቀኙን ወገን በልቶ "አለቀ" ይላል። በግራው የቆመ ሰው ቢጠራው አያየውም።

"ዓይኑ ደህና ነው" አለች። "ግራው ግን ለእሱ የለም። እንደሌለም አያውቅም።"

የያዝኩትን እንጀራ መልሼ አስቀመጥኩት።

እናንየ አምና ድንገት ወድቃ ግራ እጇና ግራ እግሯ ዝሎ ነበር። እያደር ቆመች፣ በምርኩዝ መሄድ ጀመረች፣ ዳነች ተባለ። ከዚያ በኋላ የመጣልኝ ወሬ ግን ሌላ ነው። በማርያም ማኅበር ላይ፣ በጎረቤቷ በጥሩወርቅ ቤት፣ "ለእኔ ግማሽ ሰጡኝ" ብላ አስተናጋጇን በሰው ፊት አዋረደች። ተራዋ ደርሶ ጽዋው ሲሰጣትም ፊቷን ወደ ሌላ አድርጋ ዝም አለች። ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ ጽዋው በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ የተቀበለ የሚቀጥለውን ወር ይደግሳል። ሲሰጡት የማይቀበል ቂም የያዘ ነው፤ ቂም የያዘም ከማኅበሩ አይቀመጥም። ስለዚህ እስክትታረቅ ለይተዋታል። በመጪው የማርያም ለት ካልታረቀች ቦታዋን ለሌላ ሊሰጡ ነው። በዚያ አገር ከማኅበር የወጣ ሰው ሲታመም ጠያቂ፣ ሲሞት ቀባሪ ያጣል።

እህቴ ብዙ ጠባይ አላት። ትጮኻለች፣ ትሳደባለች፣ ወዲያው ይወጣላታል። ቂም ግን አታውቅበትም።

"ጽዋውን በየት በኩል ነበር የሰጧቸው?" አለችኝ ሰብለ።

"እኔ በምን አውቄ!"

"እንሂድና እንያቸው" አለች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ደባርቅ ገባን። ደባርቅ ለእኛ ቅርብ ነው፤ ብርዱ ግን የሌላ አገር ነው። ዳባት ላይ ነጠላ የሚበቃበት ሰዓት እዚያ ጋቢ ይጠይቃል። ከመኪና እንደወረድን ለቱሪስት አጃቢና በቅሎ የሚያገናኝ የጎረምሳ መንጋ ሰብለን ከበባት።

"እህት፣ ስካውት? በቅሎ? ራስ ዳሸን?"

"ዘመድ ጥየቃ ነው የምንሄደው" አለች።

"ዲያስፖራ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው" አለ አንዱ። "አሮጊቷንም ተከራይተሻት ነው እንዴ?"

በምርኩዜ ቁርጭምጭሚቱን ነካ ሳደርገው ሳቀ፤ ሻንጣችንንም እስከ አልጋ ቤቱ ተሸከመልን። የቀረው አልጋ አንድ ብቻ ነበር። ባለቤቲቱ የራሷን ብርድ ልብስ ገፍፋ ደረበችልን፤ እሷ በምን እንዳደረች አላውቅም። ከጎኔ ሰው ሲተነፍስ ካደርኩ ዘመን ስለሆነኝ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ጠርጥሬ ነበር፤ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ከመተኛታችን በፊት ግን ሰብለ አንድ ነገር አሳየችኝ። ወረቀት ላይ በግራ መስቀል፣ በቀኝ ጥቁር ነጥብ ሣለች። ግራ ዓይኔን ከድኜ በቀኙ መስቀሉን ብቻ እያየሁ ወረቀቱን ወደ ፊቴ እንዳቀርብ ነገረችኝ። አቀረብኩ። አንድ ቦታ ላይ ነጥቡ ጠፋ። ጥላ እንኳ ሳይተው፣ ባዶ ነጭ ወረቀት ሆነ። ዓይኔን ሳዞር እዚያው አለ።

"የሁላችንም ዓይን እንዲህ ነው" አለች። "የማያይ ቦታ አለው። አንጎል በዙሪያው ባለው ነገር ይደፍነዋል፤ ለዚያ ነው የማናውቀው።"

"ይኸን ሁሉ ዘመን እንዲህ ሆኜ ነው የኖርኩት?"

"ሁላችንም።"

ተናደድኩ። ማንን እንደምከስ ግን አላገኘሁም።

ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ገባሁ። "እንግዲህ እህቴን ካየሽ በኋላ ማኅበሩ ፊት ቆመሽ ትናገሪያለሽ" አልኳት።

"እሳቸው ካልፈቀዱ ስለ እሳቸው ለማንም አልናገርም፤ የሕመማቸው ነገር የእሳቸው ነው።"

"ለጥናትሽ የምትወስጂውን ከእሷ ወስደሽ፣ ለእሷ የሚሆነውን ሳትናገሪ ልትሄጂ? ይኸ ፍርድ ነው?"

"ሳልጠይቃቸው የምወስደውም የለም።"

ጀርባዬን ሰጥቻት ተኛሁ።

ዓርብ ጠዋት ወደ መካነ ብርሃን የሚሄድ አይሱዙ አገኘን። ሹፌሩ እድሜዬን አይቶ ጋቢና አስቀመጠኝ፤ አንድ ነጋዴ ወዳጁም ከጎኔ ነበር። ሰብለ ከኋላ ከጆንያው ላይ ወጣች። ቡይት ራስን አልፈን ዞር ብዬ በመስኮቱ ሳይ ገና ክርስትና ያልተነሣ የሚመስል ሕፃን ያቀፈች አራስ ከላይ በነፋስ ትመታለች።

"አቁም!" አልኩት ሹፌሩን።

"ምን ሆኑ እናቴ?"

"ያች አራስ ትግባ። እኛ በተራ እንወጣለን።"

"እማማ፣ ፓርላማ መሰለዎት እንዴ?" አለ ነጋዴው።

"ፓርላማ ቢሆንማ አንተ ወንበሩን አትለቅም ነበር። ውረድ!"

ሹፌሩ ሳቁን መያዝ አቅቶት መሪውን መታ። ነጋዴው እያጉረመረመ ወጣ፣ አራሷ ገባች። ተራ ካልኩ ተራዬ ነውና ወደ ቧሂት አቀበት ስንደርስ እኔ ወጥቼ ነጋዴው ወደ ጋቢናው ወረደ። ሰብለ "ይተዉ፣ ይሞታሉ" ብትለኝም እንቢ አልኩ። ልክ ነበረች፤ ልሞት ነበር። ጭጋጉ ፊት ላይ ይበርዳል፣ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። አንድ የበየዳ ገበሬ ሳይናገረኝ የበግ ጠጉር ባናውን ግማሹን አልብሶኝ ቁጭ አለ፤ ስሙን ሳልጠይቀው ተለያየን። ከመንገዱ ዳር ረጃጅሞቹ የውርጭ ተክሎች፣ ጅብራዎቹ፣ አንድ በአንድ ተራርቀው ቆመዋል። በእኛ አገር ዛፍ ሲባል ባሕር ዛፍ ነው፤ ተጠጋግቶ፣ ተገፋፍቶ ይበቅላል። ጅብራ ግን ዘመድ እንደሌለው ለቀስተኛ ለየብቻው ይቆማል። እሱን ሳይ ቤቴ ትዝ አለኝ።

መካነ ብርሃን ስንደርስ ፀሐይ ዘቅዝቋል። ጠላ የምትሸጥ አንዲት ሴት ቤት አደርን። ዓርብ ስለሆነ ሽሮ በገብስ እንጀራ አቀረበች። የዳባት ጤፍ ለለመደ አፍ የገብስ እንጀራ ይከብዳል፤ ሲርብ ግን ልዩነቱ አይታወቅም። ማን ዘንድ እንደምንሄድ ጠየቀችኝ።

"እናንየ ዘንድ። እህቴ ናት።"

ቀና ብላ አየችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ወሬውን ሰምታለች ማለት ነው። ከዚያ ሙቅ ውኃ በገበቴ ይዛ መጥታ ከፊቴ ተንበረከከች።

"እግርሽን ስጪኝ፤ ነገ ሩቅ ነው" አለችኝ።

ቅዳሜ በእግር ሄድን። ቁልቁለቱ ላይ የሰብለ ጫማ ተረከዙ ተገንጥሎ ቀረ። የከተማ ጫማ ነበር። ገብስ የሚያጭድ ሰው ማጭዱን ጥሎ መጥቶ ጫማዋን እያገላበጠ አየው።

"ይኸን የሰፋው ሰው እናት የለውም?" አለ፤ በጠፍር ጠፍሮም አሰረላት። እስክንመለስ በዚያው ሄደች።

የእናንየ ቤት ከመንደሩ ዳር ነው። ልጇ ዝናሽ አጥሩ ድረስ ወጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከቤት ስገባ እህቴ ትራሷን ተደግፋ፣ እግሯን ዘርግታ መደቡ ላይ ተቀምጣለች፤ በሩ በግራዋ ነው። በሩ ላይ ቆሜ "እናንየ!" አልኳት።

ፊቷ በራ። "እታለም!" አለች። ግን ወደ እኔ አልዞረችም። በቀኟ ወዳለው ግድግዳ ዞራ ግድግዳውን ፈለገችው። "እታለም፣ የት ነሽ? ነይ እንጂ፤ ምን ይገትርሻል!"

እጇን ለግድግዳው ዘርግታ እኔን ስትጠብቅ ቆሜ አየሁ። ሰብለ ክንዴን ይዛ በመደቡ ዙሪያ አድርጋ ወደ ቀኟ ወሰደችኝ። ያኔ ገና አየችኝ፤ ያኔ ተላቀስን።

"ሰው ሁሉ ትቶኛል፤ ይኸን በር የሚረግጥ የለም" አለች ወዲያው። ዝናሽ አንገቷን ደፋች። በኋላ እንደነገረችኝ ከማኅበሩ ከመለየቷ በፊት ጎረቤት በየቀኑ ይመጣ ነበር፤ መጥቶ በሩ አጠገብ ባለው በርጩማ ይቀመጣል፣ እሷ ደህና ዋልክ እንኳ ሳትለው ግድግዳዋን እያየች ትቀመጣለች። ሰው ተቀይሞ ቀረ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰብለ ከእሷ ጋር ተቀመጠች። መጀመሪያ ለረጅም ጊዜ ምን እንደምትጠይቃትና ለምን እንደሆነ አስረዳቻት፤ እናንየም "ጠይቂኝ፣ ከመቀመጥ ይሻላል" አለቻት። የጠየቀቻት ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ነው።

"ከደጀ ሰላሙ ገብተው ፊትዎን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አድርገው ቆመዋል እንበል። ምን ምን አለ?"

"ምን አለ፣ ቤተ ልሔሙ አለ። ትልቁ ጽድ፣ ደወሉ፣ የመርጌታ ጎጆ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምን ይኖራል!"

ዝናሽ "እማዬ፣ የአባባ..." ስትል ሰብለ በዓይኗ አስቆመቻት።

"አሁን ደግሞ ተሳልመው ጨርሰው ጀርባዎን ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጥተው ወደ ደጀ ሰላሙ እያዩ ነው። ምን አለ?"

"ወይራዎቹ፣ የውኃው መውረጃ፣ የባለቤቴ መቃብር፣ ነፍስ ይማር።" አማተበች። ቤተ ልሔሙን አላነሣችውም። ጽዱንም፣ ደወሉንም።

መቃብሩ መጀመሪያ አልነበረም፤ ስትዞር መጣ። በዓይኗ የምታየው ብቻ ሳይሆን በልቧ የያዘችው አገር ግማሽ ሆኖ ነበር። ዝናሽ ወጥታ ደጅ አለቀሰች። እኔ "ትድናለች ወይ?" ብዬ ሰብለን ጠየቅኋት።

"ጥቂት ይሻላቸዋል። መድኃኒት የለኝም" አለች። ከዚያ ቤቱን ዙሪያውን ቃኘች፤ መደቡ ከጭቃ የተሠራ ነው፣ አይነሣም። "ትራሳቸውን ወደ ግርጌ እናዙረው" አለች።

አዞርነው። በሩ በቀኟ ሆነ። በዚያ ከሰዓት የገቡትና የወጡት እኔ፣ ዝናሽ፣ ሁለት ዶሮዎች ናቸው።

"ዛሬ ምን ሰው በዛ!" አለች እናንየ።

ያን ጊዜ ሰብለ ማኅበሩ ፊት ስለ ሕመሟ እንድትናገር ትፈቅድላት እንደሆነ ጠየቀቻት።

"የምን ሕመም?"

"በግራዎ በኩል ያለው ነገር አይታይዎትም።"

እናንየ ሳቀች። "ዓይኔ እንደ ጭልፊት ነው! ንገሪያቸው፣ ፈቅጃለሁ፤ ጤነኛ መሆኔን ንገሪያቸው።"

ሰብለ ደብተሯን ዘጋችና ወጣች። ተከትያት ወጥቼ "ይኸው ፈቀደች" አልኳት።

"የፈቀዱት ሌላ ነገር ነው፣ እማማ።"

"አንቺ እውነት ታውቂያለሽ፤ እነሱ አያውቁም። ነገ ቦታዋን ለሌላ ይሰጣሉ!"

ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ግን ቃሏን አልለወጠችም። ከእሷ ጋር ስድስት ቀን ባልነጋገር ደስ ባለኝ። በዚያ አገር ግን ሌላ የማውቀው ሰው አልነበረኝም።

ሰኞ የማርያም ለት ነው። ማኅበሩ የተደገሰው በጥሩወርቅ ጎረቤት፣ በሙሴው በአያ ፈንታ ቤት ነበር፤ ሙሴ ማለት የማኅበሩ አለቃ ነው። እናንየን በእኔና በዝናሽ መካከል ይዘናት ገባን። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ለእኔ ቦታ ለቀቀ፤ ለእሷ ማንም አልተነሣም።

"እህቴ ማንንም አልናቀችም" አልኩ ገና ሳልቀመጥ። "በግራዋ የሚመጣ አይታያትም። ጽዋውን በየት በኩል ነበር የሰጠሻት፣ ጥሩወርቅ?"

ጥሩወርቅ ቀጭን፣ ኩሩ ሴት ናት። "በየትም ልስጣት፣ ዓይን የላትም? ባለፈው ሳምንት ከዚያ ማዶ ሆና የእኔን በጎች ከገብሷ ያባረረች ማን ናት?"

"በቀኟ መጥተው ይሆናላ!"

ሰው ሳቀ። አያ ፈንታ ወደ ሰብለ ዞሩ። "አንቺ የተማርሽው፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"ስለ እሳቸው እንድናገር አልተፈቀደልኝም፣ አባቴ።"

"ፈቅጃለሁ!" አለች እናንየ ጮክ ብላ። "ጤነኛ ናት በይ!"

ሰብለ መሬት መሬት አየች። እኔ ባላየኋት በወደድኩ። አያ ፈንታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጸሎቱ ደርሶ ነበርና ነገሩን ለኋላ አሉት። ዳቦው ተቆረሰ። ለእንግዳና ለአዛውንት በሰፌድ፣ ዳቦውን ከንፍሮ ጋር ያቀርባሉ። ለእናንየ ያቀረበችላት ራሷ ጥሩወርቅ ናት፤ ቂሙ የእሷ አለመሆኑን ለማሳየት መሰለኝ፣ ከሁሉ አትረፍርፋ።

እናንየ በላች። ከሰፌዱ የቀኙን ግማሽ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ለቀመች። ከዚያ ቀና አለች።

"ይኸውላችሁ! ዛሬም ግማሽ። ለሰው ሙሉ፣ ለእኔ ግማሽ!"

ጥሩወርቅ ተስፈንጥራ ተነሣች። "በማርያም! ሁላችሁም እዩ! ይኸ ምንድን ነው? ይኸ ምንድን ነው?" እያለች ሰፌዱን ይዛ በቁጣ አሽከረከረችው። በግራ የነበረው ዳቦ በቀኝ ሆነ።

"እሰይ!" አለች እናንየ፤ ፊቷ ሁሉ ሳቅ ሆነ። "እንዲህ ነው እንጂ። ሲነግሯችሁ ታመጣላችሁ።" ዳቦውን አንሥታ ጎረሰች።

ማንም አልሳቀም። የቀረውንም ግማሹን ብቻ በልታ እጇን ጠረገች። ጥሩወርቅ ቆማ አየቻት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ በጣቷ ጫፍ፣ ሰፌዱን እንደገና አዞረችው። እናንየ ደግሞ አገኘች፣ ደግሞ ተደሰተች። ጥሩወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ዞራ መጥታ በቀኟ ተቀመጠች።

"ጥሩዬ!" አለች እናንየ። "አንቺም መጣሽ? ምነው ጠፋሽብኝ?"

አንድ ጎልማሳ ከበሩ አጠገብ "እንዲህ ከሆነማ ነገ ሁላችንም ጥፋታችንን ለአንጎላችን እንሰጣለና!" አለ።

"አንተ ዳቦህን ሙሉውን ጨርሰህ ነው ሰው የምትሰድበው" አሉት አያ ፈንታ። ጽዋውን አነሡ። እንደ ልማዳቸው በግራዋ በኩል መጡ፤ ከፊቷ ሲደርሱ ቆም አሉ፣ አሰቡ፣ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ እያስነሡ ዞረው በቀኟ መጡ። እናንየ በዝናሽ ትከሻ ተደግፋ ቆመች፣ ጽዋውን ሳመች፣ ተቀበለች። የሚቀጥለው ወር በእሷ ቤት ነው።

ስንወጣ ሰብለን "አየሽ፣ አንቺ ሳትናገሪ ሆነ" አልኳት። "ባይሆንስ ኖሮ?" ብዬም ጠየቅኋት። "ባይሆን ኖሮ ዕድሜዬን ሁሉ አዝን ነበር። ግን አልናገርም ነበር" አለችኝ። በዚህ እስከ አሁን አልተስማማንም። እሷ ጥናቷን ጨርሳ ሄዳለች፤ ክፍሉን ገና አላከራየሁትም።

የመልሱን መንገድ አልጽፈውም፤ ያው መንገድ ነው። የማክሰኞውን ጠዋት ግን ልጨምር። እናንየን ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀምጠናት ነበር። በቀኟ ተንበርክኬ ተሳሳምን፣ ተላቀስን፣ መረቅኋት። ሁለታችንም እንደገና እንደማንገናኝ እናውቃለን፤ አላነሣነውም። ሰብለ መንገዱ ጫፍ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ተነሣሁና ምርኩዜን ላነሣ ከኋላዋ ወደ ግራዋ አንድ እርምጃ አለፍኩ።

"ሄደች?" አለች እናንየ።

እጄን ብዘረጋ ትከሻዋን እነካለሁ።

"ዝናሽ፣ ሰው እንዲህ ነው እንዴ የሚሄደው? ዓይን እስኪጠግብ እንኳ አትቆይም?" እንባዋ ወረደ። "ድሮም እንዲህ ናት። ፈጣን። ልጅ ሳለን ውኃ ስንወርድ እንስራዬን ይዛ ጥላኝ ትሮጥና ከወንዙ ደርሳ የእኔንም ሞልታ ትጠብቀኛለች።" ዝናሽ እያየችኝ አፏን ያዘች።

ወደ ቀኟ ልዞር አስቤ ነበር። ደግሞ ትደሰታለች፣ ደግሞ እንስማለን፣ ደግሞ መለየት ይሆናል። ስለዚህ እዚያው በሌለሁበት ቦታ ቆሜ ስለ እኔ የምታወራውን እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ብዙውን እኔ ረስቼዋለሁ። ስትጨርስ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና በቀኟ ወዳለው ባዶ ደጅ "በሰላም ግቢ፣ እታለም" አለች።

"አሜን" አልኩ፣ ድምፄን ሳላወጣ። ከዚያ ሄድኩ።